ጨዋታና ቁም ነገር

በአማርኛ «ጨዋታ» የሚባለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው ልጆች በሜዳ፣ አዋቂዎች በገበጣና በካርታ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉበት መዝናኛ ነው። ሁለተኛው ሰዎች ተሰብስበው የሚለዋወጡት ወግ ነው። እንግዳ ወደ ቤት በገባ ጊዜ ባለቤቱ «እስቲ ይጫወቱ» ሲለው፣ ዝም ብለው አይቀመጡ፣ ያሰቡትን ያካፍሉን ማለቱ ነው። አማርኛን አዲስ የሚማር ሰው ይህን ሲሰማ በመጀመሪያ ግር ይለዋል። ነገሩን ሲመረምረው ግን ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ውስጥ የሚኖሩት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ይረዳል። ወግም እንደ ጨዋታ ተራ አለው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። እንደ ጨዋታም ለጊዜው አሸናፊና ተሸናፊ ይኖረዋል፤ ሲያበቃ ግን ሁሉም ወደየቤቱ በሰላም ይሄዳል።

የሰው ልጅ በሚያገባውም በማያገባውም ነገር አስተያየት መስጠት ይወዳል። ይህ ጠባይ በራሱ ክፉ አይደለም። ሰው አሳቡን ሳይናገር ቢቀር ባልንጀራው ሊያርመው አይችልምና። ችግር የሚመጣው ጨዋታ የሆነውን ነገር እንደ ቁም ነገር፣ ቁም ነገር የሆነውን ደግሞ እንደ ጨዋታ የያዝነው እንደ ሆነ ነው። ይህን ልዩነት አብልጬ የተመለከትሁት በካርቱም በኖርሁበት ዘመን ስለ ሆነ፣ ምሳሌዎቼን በብዛት ከዚያች ከተማ አመጣለሁ። ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ካርቱም ከሀገራችን የሚወርደው ዐባይ ከነጭ ዐባይ ጋራ የሚገናኝባት ከተማ ናት። በውስጧ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከኖሩባቸው ሰፈሮች አንዱ ዴም የሚባለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጦርነት በፊት በዚያ ሰፈር የሚያልፍ ሰው የእንጀራ ሽታና የአማርኛ ድምፅ ሳያገኝ አይወጣም ነበር። ሱዳኖች ቡና የሚፈላበትን ዕቃ እንደ እኛው ጀበና ይሉታል፤ እንዲያውም ቡናውን ራሱን በዕቃው ስም ጠርተው «ጀበና አምጪልኝ» ይላሉ። በየመንገዱ ዳር፣ በዛፍና በግንብ ጥላ ሥር፣ ሻይና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ምድጃቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ከእነርሱም መካከል የሀገራችን ሴቶች ብዙ ነበሩ። ደንበኛው በአጭር መቀመጫ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከሥራ የወጣ ጸሐፊ፣ ሹፌር፣ ተማሪና ነጋዴ እኩል ዝቅ ብለው ስለሚቀመጡ፣ በዚያ ቦታ የማንም አስተያየት ከሌላው ከፍ ብሎ አይሰማም ነበር።

በእነዚህ መቀመጫዎች ላይ የሚነሡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ቀላል ናቸው። ቡና ዝንጅብል ቢገባበት ይሻላል ወይስ ባይገባበት? በቀትር ሙቀት ትኩስ ሻይ ያበርዳል ወይስ ያቃጥላል? ሰው ከማዕድ ላይ ሳለ ስልኩን ቢመለከት ነውር ነው ወይስ አይደለም? በእንደዚህ ያለው ነገር ሰው እንደ ወደደ ቢናገር የሚጎዳ የለም። እኔም ስለ ሦስተኛው ጥያቄ የራሴ አሳብ አለኝ። ሱዳኖችም እንደ እኛ በአንድ ሳሕን ዙሪያ ተሰብስበው በእጃቸው ይበላሉ። አንድ እጁ በሳሕኑ፣ አንድ እጁ በስልኩ ላይ ያለ ሰው ከወዳጆቹ ጋራ አልበላም፤ በስልክ ከሚያነጋግረውም ጋራ በሙሉ ልቡ አልተነጋገረም። ይህን ስናገር የሚቃወመኝ ሰው ቢኖር ግን ስቄ ዝም እላለሁ፤ ነገሩ ጨዋታ ነውና።

ከዚህ ከፍ የሚለው ጥያቄ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ የሚነሣው ነው። በአዲስ አበባ ከትምህርት ቤቶች አጠገብ የፕሌይስቴሽን ቤቶች እንዳሉ ሁሉ፣ በካርቱምም ወጣቶች በስልክና በኮምፒዩተር የሚጫወቱባቸው ስፍራዎች ነበሩ። አሜሪካ በ1990 ዓ.ም. በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ በ2010 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ፣ ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለሱዳን አይሸጡም ነበር። ወጣቶቹ ግን መንገድ አላጡም፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ይገለብጡት ነበር። ይህም የታላላቅ መንግሥታት ክርክር እስከ ልጆች መጫወቻ ድረስ እንደሚወርድ ያሳያል።

በዚህ ነገር አባቶች አንድ አስተያየት፣ ልጆች ሌላ አስተያየት አላቸው። አባት «ይህ ጌም የሚሉት ነገር ልጆቻችንን አጠፋብን» ይላል። ልጅ ደግሞ «አባባ፣ እርስዎስ ገበጣ ይጫወቱ አልነበረም?» ብሎ ይመልሳል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ከእውነት ድርሻ ድርሻቸውን ይዘዋል። ገበጣ ራሱ ሥራ ፈት አድርጎ የሚያውል ጨዋታ ነው፤ ሱዳኖች በአሸዋ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር የሚጫወቱት ሲጃም እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሩን የሚያንቀሳቅስለት ባልንጀራ ያስፈልገዋል፤ ባልንጀራውም ሲደክመው ይነሣል፣ ጨዋታውም ያበቃል። በስልክ ውስጥ ያለው ባላጋራ ግን አይደክመውም። ስለዚህ «ይበቃል» የሚለው ቃል ከተጫዋቹ ከራሱ ወይም ከወላጁ መምጣት አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. ባጸደቀውና ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ፣ በጨዋታ መጠመድ ከሕመሞች መካከል ተቆጥሯል። ድርጅቱ ግን የተጫወተውን ሁሉ ሕመምተኛ አላለም። ሰውዬው ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጨዋታውን ከሌላው ኑሮው ሁሉ ሲያስቀድም፣ ጉዳቱንም እያየ ሲቀጥልበት፣ ይህም እንደ ተለመደው ለ12 ወር ያህል ሲቆይ ነው ሕመም የሚባለው። የቻይና መንግሥት ደግሞ በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ብቻ፣ ያውም ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት እንዲሆን ወሰነ። ይህ በብዙ ቤት ሊሠራ የሚችል ነው አልልም። ነገር ግን ሰዓት መወሰን ከመርገምም፣ ዝም ብሎ ከመተውም የተሻለ ነው።

ከጨዋታ በጎ ነገር የሚወጣ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው የሉዋል ማየንን ታሪክ ይመልከት። ይህ ወጣት ቤተ ሰቡ ዛሬ ደቡብ ሱዳን ከምትባለው አገር ከጦርነት ሲሸሽ በመንገድ ላይ የተወለደ፣ በሰሜን ኡጋንዳም በስደተኞች ሠፈር ያደገ ነው። እናቱ ልብስ እየሰፉ ሦስት ዓመት ያጠራቀሙትን 300 ዶላር ለኮምፒዩተር መግዣ ሰጡት። ወጣቱም ፕሮግራም መሥራት ራሱን በራሱ ተምሮ «ሰላም» የሚባል ጨዋታ ሠራ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ወታደር አይሆንም፤ ሕይወቱን ለማዳን የሚሮጥ ስደተኛ ነው። ውሃና ምግብ እያሟላ ከአደጋ ቢያመልጥ ያሸንፋል። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገው የቪዲዮ ጨዋታዎች ሽልማት በዓል ላይ ይህ ወጣት ስሙ ተጠርቶ ተመሰገነ። ከዚህ የምንማረው ጨዋታ ራሱ እንደ ስኒ መሆኑን ነው፤ የሚጠጣው የተቀዳበት ነው።

በብዙ የቪዲዮ ጨዋታዎች ውስጥ አንድ የጋራ ደንብ አለ። በጨዋታው የሞተ ሰው አንድ ቁልፍ ሲነካ ተመልሶ ይነሣል። የፈረሰው ቤት ይቆማል፣ የነደደውም ከተማ እንደ ቀድሞው ይሆናል። ይህን ደንብ ትንሽ ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ ከስክሪኑ ውጭ እንደማይሠራም ያውቃል። የሚያስደንቀው ግን አዋቂዎች ይህን መርሳታቸው ነው።

አሁን ወደ ቴክኖሎጂ ልለፍ። በሚያዝያ ወር 2011 ዓ.ም. ሱዳንን ወደ 30 ዓመት ያህል የገዙት ዑመር አል በሽር ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፣ ሕዝቡ በጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሲቪል መንግሥት እንዲቋቋም ይጠይቅ ነበር። ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ሰልፉ በኃይል ተበተነ፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት ተዘግቶ እስከ ሐምሌ 2 ቀን ድረስ ከአንድ ወር በላይ ቆየ። በዚያ ጊዜ «ኢንተርኔት ቢዘጋ ምን አለበት? ወጣቱ ከስልኩ ቀና ብሎ የሰው ፊት ያይ እንደ ሆነ ነው» የሚል አስተያየት ሰምቻለሁ። ተናጋሪው ኑሮው የተሟላ ሰው ነበር። ነገር ግን በዚያው ከተማ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ የደመወዛቸውን እኩሌታ ወደ ጎንደርና ወደ ትግራይ የሚልኩ፣ የልጃቸውን ድምፅ በኢንተርኔት በኩል ብቻ የሚሰሙ እናቶች ነበሩ። ለእነርሱ ነገሩ ቀና ማለትና አንገት መድፋት አልነበረም፤ የልጅ ድምፅ መጥፋት ነበር።

በዚሁ ጊዜ አብደል አዚም ሐሰን የሚባሉ አንድ የካርቱም ጠበቃ የስልክ ኩባንያቸውን ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም በሰኔ ወር ፈረደላቸው፤ ዳሩ ግን ክሱን ያቀረቡት በራሳቸው ስም ብቻ ስለ ነበረ ኢንተርኔት የተከፈተው ለእርሳቸው ለብቻቸው ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን «እኔ አገኘሁ» ብሎ ስልኩን ይዞ ዝም ባለ ነበር። ጠበቃው ግን ለሌሎቹም እንዲከፈት ለመጠየቅ ወደ ፍርድ ቤት ተመለሱ። ኋላም በፍርድ ቤት ትእዛዝ አገልግሎቱ ለሕዝቡ ሁሉ ተመለሰ። እኔ ስለ ቴክኖሎጂ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ የዚህ ጠበቃ ሥራ ይበልጥብኛል። ስልክ ለአንድ ሰው ብቻ ቢሠራ የሚደወልለት የለምና ከንቱ ነው፤ መብትም እንደዚሁ ነው።

በዚያው ወር ሌላም ነገር ታየ። ኢንተርኔት ተዘግቶ ሳለ ሰኔ 23 ቀን በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ በሰልፍ ወጣ። መልእክቱ የተላለፈው በአጭር የስልክ መልእክት፣ በእጅ በሚታደል ወረቀትና ከደጅ ወደ ደጅ በሚሄዱ የየሠፈሩ ኮሚቴዎች አማካይነት ነው። እንግዲህ ቴክኖሎጂ ሰውን አነሣሣ የሚለውም፣ ቴክኖሎጂን በመዝጋት ሰውን ዝም አሰኘሁ የሚለውም፣ ሁለቱም መሣሪያውን ከባለቤቱ አስበልጠው አይተውታል።

የኢንተርኔት መዘጋት በእኛም አገር የታወቀ ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በኢንተርኔት ላይ በመውጣቱ ፈተናው ተሰርዞ እንደ ነበር ይታወሳል። በሚቀጥለው ዓመት በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። ሱዳንም በኋለኞቹ ዓመታት ለፈተና ስትል በየቀኑ ጥቂት ሰዓታት ዘግታለች። ፈተና መስረቅ ክፉ ነው፤ የደከመውን ተማሪ ድካም ያጠፋል። ነገር ግን ፈተናው ሲጠበቅ ገበያው፣ ባንኩና ሐኪም ቤቱ ምን እንደ ከፈሉ ማስላት ይገባል። ሒሳቡ ተሠርቶ የሚሰጥ ውሳኔ ውሳኔ ነው፤ ሒሳቡ ሳይሠራ የሚሰጥ ግን በማኅተም የታተመ ጨዋታ ነው።

ወደ መጨረሻው ጥያቄ፣ ወደ ፖለቲካ፣ እንምጣ። ነሐሴ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የሱዳን ወታደሮችና ሲቪሎች በካርቱም የሽግግር ስምምነት ተፈራረሙ። ለዚህም ከአፍሪካ ኅብረት መልእክተኛ ጋራ የኢትዮጵያ መልእክተኛ አቶ ማሕሙድ ድሪር ብዙ ደክመዋል። አስታራቂ «ማን ያሸንፋል?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ነገ ሁለቱም እንዴት አብረው ያድራሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ወታደሮቹ ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ። ከዚያም በጦር ሠራዊቱ አዛዥ በጄኔራል አብደል ፈታሕ አል ቡርሃንና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ አዛዥ በጄኔራል መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ መካከል ያለው ፉክክር እየከረረ ሄደ።

በ2015 ዓ.ም. የጸደይ ወራት የቡናው ወግ ሁሉ ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች ሆነ። አንዱ የሠራዊቱን አውሮፕላን ይቆጥራል፤ ሌላው የፈጥኖ ደራሹን ፒክ አፕ መኪና ይቆጥራል። እንደ ኳስ ጨዋታ ቡድን የመረጡም ነበሩ። አንድ ቀን ማታ ይህ ክርክር ሲካሄድ ቡና የምታፈላው የሀገራችን ሴት ስኒ እያጠበች ታዳምጥ ነበር። በመጨረሻ ከመካከላችን ወደ ነበሩት ሽማግሌ ዘወር ብላ፣ «ጋሼ፣ ማን ያሸንፋል ብላችሁ ስትከራከሩ አመሻችሁ። እነርሱ ሲዋጉ እኔ ይህን ምድጃ ወዴት እንደምወስደው የነገረኝ ግን የለም» አለች። ሽማግሌውም መልስ አጡና፣ «እውነትሽን ነው ልጄ» ብቻ ብለው ዝም አሉ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ በካርቱም መካከል ተጀመረ። አውሮፕላን ማረፊያው፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ገበያውና መኖሪያ ሰፈሩ ሁሉ የጦር ሜዳ ሆኑ። በሁለት ዓመት ውስጥ በመላዋ ሱዳን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ለዓመታት በካርቱም የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ከሱዳናውያን ጋራ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተሻገሩ። በመቁጠሪያው የተቆጠረው አውሮፕላንና መኪና እውነት ነበር፤ ያልተቆጠረው ምድጃውና ስኒው ነበር። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚለው ተረት በብዙ አገር ይነገራል፤ ሣሩ ራሱ ተናግሮ የሰማሁት ግን በዚያች ማታ ነው።

በጥር ወር መጨረሻ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የስልክ መሥመር በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ተቋረጠ። በጦርነቱ ምክንያት ጥሬ ገንዘብ ስለ ጠፋ፣ ብዙ ሰው ዳቦና መድኃኒት የሚገዛው የካርቱም ባንክ «ባንካክ» በሚባለው የስልክ አገልግሎቱ ነበር። መሥመሩ ሲቋረጥ በውጭ አገር ያለ ወንድም የላከው ገንዘብ በአየር ላይ ቀረ። ሰዎችም ስታርሊንክ የሚባለው የሳተላይት መሣሪያ ወዳለበት ስፍራ ሄደው፣ በሰዓት እየከፈሉ፣ «ገንዘቡ ገባ» የሚለውን አንድ መልእክት ይጠብቁ ነበር። ስልክ መዝናኛ ነው ወይስ ቁም ነገር ነው ብሎ ለሚከራከር ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

ከዚህ ሁሉ ያገኘሁት መለያ አንድ ነው። በጨዋታ ላይ «ማን ያሸንፋል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ያለዚያ ጨዋታው አይጥምም። በቁም ነገር ላይ ግን አስቀድሞ የሚጠየቀው «ማን ይከፍላል?» የሚለው ነው። በዝንጅብሉ ክርክር የሚከፍል የለም፤ እንከራከር። በልጆች ጌም የሚከፍለው ልጁ ነው፤ ስለዚህ ሰዓት እንወስን። በኢንተርኔት መዘጋት የምትከፍለው ሩቅ አገር ያለች እናት ናት፤ ስለዚህ ሒሳቡ ይሠራ። በጦርነት የሚከፍለው ሁሉ ነው፤ በጨዋታ እንደሚሆነውም የሞተው አይነሣም።

ይህን ስል ስለ ጎረቤት ብቻ መናገሬ አይደለም። ከጥቅምት ወር 2013 እስከ ጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በነበረ ጊዜ፣ በካርቱም፣ በዋሽንግተንና በለንደን የተቀመጡ ሰዎች የተያዘውንና የተለቀቀውን ከተማ እንደ ኳስ ግብ ሲቆጥሩ ተሰምተዋል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እንጨቱ የሰደደውን ሰው አያመውምና።

በተለይም በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ቋንቋችንንም የምትማሩ አንባቢዎች ይህን ልብ እንድትሉ አሳስባለሁ። የአንድ መንገደኛ አስተያየት ቡናው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። የባለ ሥልጣን አስተያየት ግን እርሱ እንደ ቀልድ ቢናገረውም እንኳ፣ ከሥሩ ያለው ጸሐፊ እንደ ትእዛዝ ጽፎ ይይዘዋል፤ የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛም በደጅ ላይ ይፈጽመዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስለዚህ «ይጫወቱ» ሲሏችሁ ተጫወቱ፤ ሳቁ፣ ተከራከሩ፣ ተሸነፉም። ነገሩ የሰው እንጀራና የሰው ሕይወት ላይ የደረሰ እንደ ሆነ ግን ስኒውን አስቀምጡና ከሁሉ አስቀድሞ ስኒውን የምታጥበውን ሴት ጠይቁ። መልሱን ሳትሰሙ ምንም አትወስኑ።